የወረፋ ካርድ

ለጋዝ ሲሊንደሬ ቁጥር ተሰጠኝ፤ ሦስት መቶ አርባ ሰባት።
በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፈልኝ ልጅ እንኳ አንገቱን ደፋበት።
ሲሊንደሮቻችን በሰንሰለት ታስረው መንገድ ዳር አደሩ፣
እንደ እስር ቤት ጓዶች ትከሻ ለትከሻ፣ ንጋት ሲቆጥሩ፤
እኛም አጠገባቸው፣ ትንኝ እያባረርን፣
አንዱ ሲያንቀላፋ አንዱ እየተነሣ፣ ሌሊቱን ተሻገርን።

ፋሩዝ ጎረቤቴ፣ ዓሣ ሻጩ ሰውዬ፣ "አናጢው፣" አለኝ፣ "አሁን
አንተ ብትጠየቅ፣ ይህንን መንግሥት
በሚስማር ትመታው ወይስ ትፈታው ይሆን?"
እኔም አልኩት፣ "እንጨት የሚነቅዘው ከውስጥ ነው፤
ቀለሙ እስኪላጥ ድረስ ማንም አያውቀው።"
ሰው ሳቀ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።
ያልተናገርኩት ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አነቀኝ፤

ድምፄን የሰጠሁት ለእነዚያው ነበር።
ፖስተራቸው ያለው በማን በር ላይ ነው? በእኔው በር።
ሶማላታ፣ ሚስቴ፣ "ቀለሙን ያነሣል፣ ይቅርብህ፣ ተው፣" ስትል፣
"አገር ሲድን" አልኳት፣ "ስለ በር ይወራል?"
አሁን በቢላ ብፍቀው፣ ፊቱ ሁሉ ሲሄድ ግማሽ አፍንጫው ቀረ።
ጥሩ ሙጫ ነዋ! ራሴ ነኝ ያፈላሁት፤
የማን ፊት ነው ብሎ ሳይጠይቅ፣ እንደ ያዘ ኖረ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ።
ባቡሩ ሰው ከብዶት፣ ከሞራቱዋ ሲነሣ አቃሰተ፤
ልጄ ቻቱሪካ ከፊት፣ እኔ በር ላይ ተንጠልጥዬ፣
እጄ ዛለ፣ ልቤ ሸፈተ።
ኮሎምቦ ጭስ ነበር፤ ዓይን የሚለበልብ፣ ሽማግሌ የሚያስለቅስ፤
አንድ ወጣት መነኩሴ እርጥብ ጨርቅ ያድላል፣ ብርቱካናማ ልብሱ በውሃ እስኪርስ።
አጥሩ መቼ እንደወደቀ አላየሁም። ገፉኝ፤ ገፋሁ፤
ከእብነ በረዱ ደፍ ስደርስ ጫማዬን አውልቄ፣ በእጄ ይዤ ገባሁ።

ሳቁብኝ። ቆይቼ እኔም ስቄያለሁ።
ቤተ መንግሥት ሲወረር፣ ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ የሚሳቀቅ ወራሪ!

ሰው ገንዳው ውስጥ ይዋኛል፤ ሰው አልጋው ላይ ፎቶ ይነሣል፤
አንዲት ሴትዮ መጋረጃውን በክንዷ ለክታ፣ "ስንት ቀሚስ ይወጣዋል?"
እኔ ያየሁት አንድ የወንበር እግር ነው።
ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ከመቀመጫው ሥር፣
በመሮ ጫፍ የተጫረች፣ ትንሽ የዓሣ አጥንት፤
ባስ ኤድዊን፣ አለቃዬ፣ ያስተማረኝ ምልክት።
ሃያ ዓመቴ ነበር። ማን እንደሚቀመጥበት አልነገሩን፤
ከፈሉን፤ ሩዝ ገዛን፤ ረሳን።

ወንበሩን የሠራሁት እኔ።
ሰውዬውን ያስቀመጥኩትም እኔ።

አንዱ እግር ላልቷል፤ ይወዛወዛል።
የሚነቃነቅ ነገር ሲያይ የአናጢ እጅ ይበላዋል።
ሽብልቅ ፈለግሁ፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ያ ካርቶን ብቻ ነው።
ሦስት መቶ አርባ ሰባትን አራት ጊዜ አጥፌ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ሰካሁት፤
በጫማዬ ተረከዝ፣ ማንም ሳያይ፣ ቀስ አድርጌ መታሁት።

ልጄ ግን አይታኛለች።
"አባባ፣ አገር ሲነቅላቸው አንተ ትጠግንላቸዋለህ?"
መልስ አጣሁ። ዛሬም የለኝም።

ገንዳው ተጠርጓል አሁን፤ ዘበኛው ተመልሷል፤ ሌላ ሰው ተቀምጧል።
ጋዙ አለ፤ ዋጋውን አትጠይቁኝ፤ ቤታችን አንድ እንቁላል ለሁለት ይቆረጣል።
ሴልቫራሳ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ያው ናቸው" ይላል፤
ፋሩዝ ተራ ሲጠብቅ "የለም፣ ያው አይደሉም" ብሎ ይሟገታል፤
እኔ ምላጩ አንገቴ ላይ ስላለ ዝም እላለሁ።
ሌሊት ግን ያንን ሽብልቅ አስባለሁ፤
ካርቶን ነው። እርጥበት ያሳብጠዋል፣ ሙቀት ያጨማድደዋል፤
ስንት ወር እንደሚቆይ የተቀመጠው አያውቅም፤ አናጢው ያውቃል።

ትናንት መላጊያዬን ስዬ፣ ያን ግማሽ አፍንጫ ከበሬ ልልገው ተነሣሁ።
"ተወው፣" አለች ቻቱሪካ፣ "ስትገባ ስትወጣ ያሽትትህ።"